ፍጉን ከብቱ ራሱ ይሸከመው

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ከቂሊንጦ ወዲያ የተከራየኸውን ቦታ ልታሳየኝ ወስደኸኝ ብዙም ሳልናገር ተመለስኩ። አኩርፌ አይደለም። አምስቱ ሰንጋዎች ያማሩ ናቸው፤ ቆርቆሮውና የሲሚንቶው ወለል ገንዘብ እንደፈጁብህም ያስታውቃሉ። ዝም ያሰኘኝ ሌላ ነው። የቀጠርከው ልጅ አዛባውን በአካፋ እየዛቀ ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ሽንቱ ወለሉ በተዳፋበት በኩል ወርዶ ከአጥርህ ውጪ ይፈሳል። ከቦዩ ማዶ ደግሞ ጤፉ የታጨደበት፣ አንተው የምታርሰው ማሳ፣ ያ ጥቁር ኮትቻ፣ ተሰነጣጥቆ ባዶውን ተኝቷል። መኪና ውስጥ ስንገባ "ጋሼ፣ የማዳበሪያ ዋጋ ሊገድለን ነው" አልከኝ። ማዳበሪያህን በአካፋ ስታስጥል አይቼህ ነበርና መልስ አጣሁ።

አሁን ልመልስልህ። ቁጥር የምሰጠው አንተ የሒሳብ ሰው ስለሆንክ ነው እንጂ ነገሩ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ እንዲህ ተሰልፎ የተቀመጠ ሆኖ አይደለም።

1. ሰንጋዎቹን ከቤት አውጣና ማሳው ላይ አብላቸው። ጭዱን፣ ፉርሽካውን፣ ፋጉሎውን እዚያው ውሰድላቸው፤ ሌሊቱንም እዚያው ይደሩ። ዙሪያቸውን በችካልና በገመድ፣ ከተገኘም በእሾህ እጠር። 6 ሜትር በ10 ሜትር ቢሆን ለአምስት ከብት ይበቃል። ሁለት ሌሊት ካደሩ በኋላ ችካሉን ነቅለህ ጎን ለጎን ወዳለው ቦታ አሻግር። ከዚያ እንደገና። ማሳውን እንደ ምንጣፍ እየዘረጋህ ትሄዳለህ። አካፋ የለም፣ ጋሪ የለም፣ የተሸካሚ ሒሳብ የለም፤ ከብቱ ምግቡን በአፉ ተቀብሎ ፍጉን በእግሩ ያደርሳል።

አዲስ ጥበብ እንዳይመስልህ። በወለጋ በኩል በረቱን ማሳው ላይ እያዟዟሩ ከብቱ ባደረበት ላይ በቆሎ መዝራት የቆየ የገበሬ ልማድ ነው። ፈረንጆቹም ዘግይተው ደርሰውበታል። በካናዳ፣ ሳስካችዋን በሚባለው አውራጃ፣ የድርቆሽ ጥቅልሉን በቅዝቃዜው ወራት ሜዳው ላይ ጥለው ከብቱን እዚያው ያከርሙታል። ተመራማሪዎች ሲለኩት፣ ከበረት ተዝቆ በመኪና ከተበተነው ፍግ ይልቅ ከብቱ ራሱ የበላበትና የተኛበት መሬት በጣም የሚበልጥ ሣር ሰጠ። ምክንያቱን አራተኛው ላይ እነግርሃለሁ።

2. እዚህ ላይ ግን ቃል እንዳያሳስትህ። የእነሱ "ክረምት" በረዶ ነው፤ መሬቱ እንደ ድንጋይ ይደርቃልና ከብት ቢቆምበት አይጎዳም። የእኛ ክረምት ጭቃ ነው። እነሱ በክረምት የሚያደርጉትን አንተ በበጋ ታደርገዋለህ፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ ሲበዛ እስከ ግንቦት አጋማሽ። ደግነቱ ለፋሲካ የምታደልበው ሰንጋ ጊዜው ልክ ይኸው ነው። አሁን ብትጀምር እስከ በዓሉ ገበያ 100 ቀን ያህል አለህ።

ይህን የምልህ ተቀጥቼበት ነው። ጎልማሳ ሳለሁ አንድ ዓመት በረቱን ከአንድ ጥግ ሳላነሳው ሰኔ ደረሰብኝ። "ነገ አነሳዋለሁ" ስል ዝናቡ ቀደመኝ። ስድስት ከብት ያን ኮትቻ ሸክላ ሠሪ እንደምታሸው ጭቃ አሹት። ከደረቀ በኋላ ማረሻ እንቢ አለ። ሦስት ክረምት ሙሉ ያ ጥግ ውኃ እያቆረ ከእህል ይልቅ ቄጠማ ሲያበቅል ኖረ። ኮትቻ ውኃ ማሳለፍ እንደማይወድ ታውቃለህ፤ በ1970ዎቹ እዚህ ደብረ ዘይት ላይ ተመራማሪዎች ውኃውን የሚያጠነፍፍ ሰፊ መደብ የሚያወጣ የበሬ መሣሪያ ለመሥራት ሲደክሙ የነበሩት በዚሁ አፈር ምክንያት ነው። በከብት እግር የተጠቀጠቀ ኮትቻ ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

አንድ የጤፍ ገበሬ ቢሰማኝ "እኛ ጤፍ ከመዝራታችን በፊት ማሳውን በከብት እናስረግጥ የለ?" ይለኛል። እውነቱን ነው። ያ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በታረሰና በለሰለሰ መሬት ላይ፣ ትንሿ የጤፍ ፍሬ አፈር እንድትጨብጥ። በረት ማለት ሌላ ነው።

የበልግ ዝናብ የካቲትና መጋቢት ላይ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ የሲሚንቶ ወለልህ ይጠቅምሃል፤ ለዚህ ነው "አፍርሰው" ያላልኩህ። ዝናብ ሲጥል አስገባቸው። ማሳው ውስጥ ስትራመድ አፈሩ ጫማህ ላይ የማይጣበቅ ሲሆን መልሰህ አውጣቸው።

3. መኖ ስትገዛ ማዳበሪያ እየገዛህ እንደሆነ አስብ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

አንድ ኩንታል የኑግ ፋጉሎ ወደ 30 ኪሎ ፕሮቲን አለው። ከፕሮቲን ውስጥ 16 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ በአንድ ኩንታል ፋጉሎ ውስጥ 5 ኪሎ የሚጠጋ ናይትሮጅን ተሸክመህ ትመጣለህ። ዩሪያ በኩንታል 46 ኪሎ አለው፤ ስለዚህ አንድ ኩንታል ፋጉሎ በጉያው 10 ኪሎ ያህል ዩሪያ ይዟል ማለት ነው። ፉርሽካው ከፋጉሎው ግማሽ ያህል አለው። የጤፍ ጭዱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ብዛቱ ይክሰዋል።

አሁን ከብቱ ከዚህ ምን ያህሉን ለራሱ ያስቀራል? ሥጋ ለመጨመር የሚይዘው ቢበዛ ከአምስት አንድ እጅ ነው። የቀረው በእበትና በሽንት ተመልሶ ይወጣል። ለአንድ ሰንጋ በቀን 5 ኪሎ ጭድ፣ 2 ኪሎ ፉርሽካና 1 ኪሎ ተኩል ፋጉሎ ብትሰጠው የሚበላው ናይትሮጅን 150 ግራም ይጠጋል፤ ከኋላው የሚወጣው 120 ግራም። አምስቱ በቀን 600 ግራም፣ በ100 ቀን 60 ኪሎ። ግማሹን ፀሐይና ነፋስ ይውሰደው እንበል፤ እኔ ሁልጊዜ ግማሹን አጠፋለሁ፣ ሒሳብ ሲያሳፍረኝ ስለማልወድ። 30 ኪሎ ይቀርልሃል። ይህ ከ65 ኪሎ ዩሪያ ጋር እኩል ነው፤ ፎስፈረሱንና ፖታሽየሙን፣ አፈሩን የሚያለሰልሰውንም ብስባሽ ሳልቆጥር።

በየሁለት ሌሊቱ 60 ካሬ ሜትር ብታሻግር በ100 ቀን 3,000 ካሬ ሜትር ታዳርሳለህ። አንድ ቀርጥ ከነትርፉ ማለት ነው። ማሳህ ሁለት ቀርጥ ነው ብለኸኛል፤ ዘንድሮ አንዱን፣ ለከርሞ ሌላውን።

ባለፈው ዓመት ፋጉሎውን ለሰንጋ ገዛህ፣ ዩሪያውን ለጤፍ ገዛህ። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ከፈልክበት።

(ስለ ፋጉሎ ካነሳን፦ ሻጋታ የሸተተህን አትግዛ። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ወተት ላይ በተደረገ ጥናት አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ በብዛት ተገኝቶ ነበር፤ ዋና ምንጩ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው። ጆንያውን ከመሬት አንስተህ በእንጨት ላይ ደርድረው።)

4. ሽንቱን አክብር። ሰው ፍግ ሲባል እበት ብቻ ይታየዋል። ጭድ ብቻ የሚበላ ከብት እርግጥ አብዛኛውን በእበቱ ያወጣል። ፋጉሎና ፉርሽካ የሚበላ ሰንጋ ግን ከናይትሮጅኑ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚያወጣው በሽንቱ ነው፤ ፖታሽየሙም በአመዛኙ እዚያ ነው። ፎስፈረስ በእበት ይቀራል። እንግዲህ ልጁ በአካፋ ዝቆ አንድ ቀን እርሻ ላይ ቢበትነው እንኳ የሚበትነው ግማሹን ነው። ሌላው በሲሚንቶው ተዳፋት ሄዷል። የካናዳዎቹም ምስጢር ይኸው ነው፤ ከብቱ ሜዳ ላይ ሲያድር ሽንቱ የሚገባበት አፈር አለው።

እዚህ ላይ ኮትቻችን ውለታ ይውልልናል። በበጋ የሚከፈተው ስንጥቅ ሽንቱን ወደ ታች ይጠጣዋል፤ ሸክላማ አፈር ስለሆነም ይዞ ያስቀረዋል። ላይ የቀረው በፀሐይ እንዳይተን ከብቱ የተወውን ጭድ፣ የረገጠውን ሁሉ፣ በረቱን ስታነሳ በላዩ በትነው። ወዲያው አርሰህ ገልብጠው ብዬ አልመክርህም፤ የደረቀ ኮትቻ በማረሻ አይደፈርም፣ በሬዎችህን ትገድላለህ። የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ አፈሩን ሲያላላው ግን አንድ ቀን አትዘግይ፤ ጎረቤትህን ለምነህም ቢሆን እረስ።

5. የመሬቱን ውል አስተካክል። አባቴ ጭሰኛ ነበር። በባላባቱ መሬት ላይ በረት ሲያዟዙር አይቼው አላውቅም። አንድ ቀን ጠየቅሁት፤ "ያደለብኩትን መሬት ለሌላ ሊሰጠው?" አለኝ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጎረምሳ ነበርኩ። በቀጣዩ የበጋ ወራት ላይ አባቴ ከጎረቤት ሦስት ከብት ተውሶ ከራሱ ሁለት ጋር ማሳው ላይ ማሳደር ጀመረ። ማንም አላስተማረውም፤ ድሮም ያውቀው ነበር።

የአንተ ነገር ከጭሰኛ ብዙም አይርቅም፤ በዓመት ኪራይ ነው የያዝከው። ፍግ ደግሞ እንደ ዩሪያ በአንድ ክረምት አልቆ አይሄድም፤ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ዓመት ይከፍላል። ሰንጋህን አንተ አሳድረህበት ለከርሞ ሌላ ሰው እንዳያጭደው ውሉን ቢያንስ የሦስት ዓመት አድርገው፤ በጽሑፍ፣ በምስክር። ባለመሬቱ ሽማግሌ ናቸውና መሬቱ እንደሚፋፋላቸው ከነገርካቸው እንቢ የሚሉ አይመስለኝም። ከተማው እየገፋ መምጣቱን አልረሳሁም። ከቱሉ ዲምቱ ቆመህ ስታይ ትናንት ሽምብራ የነበረው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። ነገ ሊወሰድ ይችላል ብለህ ግን ዛሬ ማሳውን ባዶ ካስቀመጥክ ከወዲሁ ተወስዷል።

ማሳህ ከብትህን የሚበልጥ ከሆነ እንደ አባቴ አድርግ። የጎረቤት ከብት በአንተ ማሳ ይደር፤ ጭዱ ከአንተ፣ ጠባቂው ከእሱ።

6. ኩበት ከምትሠራዋ ሴት ጋር ሳትነጋገር አትጀምር። ይህን በወጣትነቴ የነገረኝ አልነበረም። እበት መቃጠል የለበትም፣ ሲቃጠል ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ሰማይ ይወጣል የሚል ነገር ሰምቼ መጣሁና ባለቤቴን "ከዛሬ ጀምሮ ኩበት የለም" አልኳት። እሷም ጠፍጥፋ የደረደረችውን ኩበት በእጇ እያሳየች "እሺ። እንጀራውን በምን ልጋግር? የልጆቹን ደብተርስ በምን ልግዛ?" አለችኝ። ለካስ በየሳምንቱ ለጎረቤት የምትሸጠው ኩበት የቤቱን ጨው፣ ጋዝ፣ ደብተር ይሸፍን ነበር፤ እኔ ከደመወዜ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

የተስማማነው እንዲህ ነው። በበጋ ማሳ ላይ ያደረው የመሬቱ ነው፣ አይነካም። በክረምት በረት ውስጥ የሚወጣው የእሷ ነው፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ትጠፈጥፈዋለች። ከምድጃው የሚወጣው አመድ ደግሞ ወደ ጎመኑ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሽየሙ ከአመዱ ጋር ይቀራልና። የዚያ ዓመት ስንዴ ሲወቃ የእሷ ድርሻ ለብቻው ተሰፍሮ ተቀመጠ። አንተ ጋ በረቱ አጠገብ ኩበት የምትሠራውን እናት አይቻታለሁ። የምትከፍልህ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ሳትነግራት ግን እንጀራዋን አትውሰድባት።

7. ሜዳ ላይ የሚያድር ከብት ጠላቱ ብዙ ነው። በአጭሩ፦

ጅቡ። ቂሊንጦ ፋብሪካ በፋብሪካ ሆነ ብለህ እንዳትዘናጋ። ሁለት ውሻና አንድ የማይተኛ ሰው ያስፈልግሃል። የሰው ጅብም አለ።

ስንጥቁ። ከጥር በኋላ ኮትቻው የሰው ክንድ የሚያስገባ አፍ ይከፍታል። የጥጃ እግር ሲሰበር አይቻለሁ። በረቱን ከመትከልህ በፊት ቦታውን ዞረህ እይ፤ ሰፋፊውን በጭድና በአፈር ድፈነው።

ፌስታሉ። ነፋስ ከሰፈር የሚያመጣው ፌስታል ማሳህን ሞልቶታል። ከብት ጭድ መስሎት ይውጠዋል፤ ጨጓራው ውስጥ ይጠመጠምና ሰንጋው እየበላ ይከሳል። በየማለዳው ልጁ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ፌስታል መልቀም ይሁን።

ወንዙ። ትንሹም ሆነ ትልቁ አቃቂ ቅርብ ነው ብለህ ከብትህን አታጠጣበት። የከተማው እጣቢና የፋብሪካው ዝቃጭ በእነሱ አድርጎ ነው አባ ሳሙኤል ግድብ የሚገባው። በበርሜል ውኃ አስመጣ፤ ይወደድብህ።

ብርዱ። የአገር ቤት ሰንጋ ሆዱን ጭድ ከሞላኸው ውርጩን ይችላል። የፈረንጅ ድቅል የምትታለብ ላም ስትገዛ ግን ይህን ደብዳቤ ለእሷ እንዳትጠቀምበት፤ እሷ ከቤት ትደር። ክትባቱን ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት ጨርስ፤ አባሰንጋና አባጎርባ ቀጠሮ አይሰጡም።

8. በረቱ ባደረበት ላይ መጀመሪያ ጤፍ አትዝራ። ይህን ስትሰማ እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ የምትጓጓው ለጤፍ ነው። አዲስ ፍግ የጠገበ ጤፍ ግን ቁመቱን ይመዝና አገዳው አልችል ይላል፤ አንድ ዶፍ ሲመጣ ይጋሸባል። ቁንጮም ቢሆን፣ ያ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የወጣውና ስንቱን ገበሬ ያስደሰተው፣ ከዚህ ሕግ አያመልጥም። የመጀመሪያውን ዓመት ስንዴ ዝራበት፤ ቆሞ ይበላዋል። ሁለተኛውን ዓመት ጤፍ፤ ያን ጊዜ ፍጉ ረግቷል፣ ዩሪያም ብትጨምር ትንሽ ነው። ሽምብራ የምትዘራበትን ጥግ ደግሞ በረት አታሳልፍበት። ሽምብራ ናይትሮጅኗን ከአየር ራሷ ታመጣለች፤ የሌላውን ድርሻ ለእሷ ማባከን ነው።

አረሙን ጠብቅ። ከሱሉልታ የሚመጣው ድርቆሽ መልካም ነው፤ ሆኖም ዘግይቶ ከታጨደ ዘር ተሸክሞ ይመጣል። ሲናርና ሙጃ ማሳዬ የገቡት በዚህ መንገድ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ድርቆሽ የምታበላ ከሆነ የቤት ውስጥ ቀኖችህ ላይ አብላ፤ ማሳ ላይ ስትወጣ የራስህን የጤፍ ጭድ።

9. አንድ መስመር ተው። በማሳው መካከል፣ ስፋቷ አምስት ሜትር የምትሆን፣ በረት ያላረፈባት። ስንዴው ሲደርስ እሷንና ጎረቤቷን ለየብቻ አስጭድ፣ ለየብቻ አስወቃ፣ ለየብቻ መዝን። እኔ ለሠላሳ ዓመት "ይበልጣል፣ ይበልጣል" እያልኩ ኖሬ ስንት እንደሚበልጥ አንድም ቀን አልመዘንኩም። ሰው ሲጠይቀኝ በእጄ ቁመቱን አሳየዋለሁ። አንተ ሚዛን አለህ።

10. ችካል አትግዛ። እኔ ጋ ከኋላ ግድግዳው ሥር 24 የወይራ ችካል ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጫፋቸው በእሳት የተጠበሰ ስለሆነ ምስጥ አልነካቸውም። ገመዱ ግን አርጅቷል፣ እሱን አዲስ ያዝ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሪ ይዘህ ና፤ መኪናህ አይችለውም።